የወደቀበት ክምር፦ በጎጃም ገጠር የድንጋይ መታሰቢያ ለምን ያከራክራል?

በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የገጠር መንገድ ሲጠረግ፣ በበጋ ወራት የተፋሰስ ሥራ እርከን ሲካብ ወይም የገበሬ ይዞታ ሲለካ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከኮረብታ አንገት ላይ ተቆልሎ የቆየ የድንጋይ ክምር ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ለሥራው ኃላፊ ክምሩ ከመንገድ መነሣት ያለበት፣ ምናልባትም ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ነው። ለአካባቢው ሽማግሌ፣ ሰው ተገድሎ የወደቀበት ቦታ ነው። በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለሚያሰራጨው ወጣት «ጥንታዊ መቃብር» ይሆናል፤ ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያው ደግሞ በሲሚንቶ ታንጾ፣ ጽሑፍ ተቀርጾበት ጎብኚ ሊያመጣ የሚችል ቅርስ ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይፍረስ» እና «ይጠበቅ» በሚሉ ሁለት ቃላት ተወስኖ ይቀራል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ አይመስልም። ክምሩ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንዲያደርግ እንደተሠራና ሥራውን ለምን እንዳቆመ ሳይታወቅ ስለ ጥበቃው መወሰን፣ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማዘዝ ያለ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከውሳኔው በፊት መቅደም የሚገባውን ነገር ማብራራት ነው።

ክምሩ መቃብር አይደለም

በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት ስሕተት መቃብር የሚለው አጠራር ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና በኖረው የጎጃም ገጠር የሞተ ሰው የሚቀበረው በደብሩ ቅጥር ግቢ ነው። በመንገድ የተገደለ ሰው አስከሬኑ ተነሥቶ፣ ፍትሐት ተደርጎለት ከወገኖቹ ጋር ያርፋል፤ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱም የሚታሰቡት በቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ አንድ ሟች ሁለት ቦታ ይኖረዋል፤ አንዱ ሥጋው ያረፈበት፣ ሌላው ደሙ የፈሰሰበት። የመንገድ ዳሩ ክምር የሁለተኛው ቦታ ምልክት ነው። ሥሩን የሚቆፍር ሰው አጥንት አያገኝም፤ ወርቅማ ጨርሶ አያገኝም። ይህን መናገር ቀላል ቢመስልም፣ በየአገሩ ክምር የሚያፈርሱት የሀብት ፈላጊዎች መነሻቸው ይኸው ክምርን ከመቃብር፣ መቃብርን ከተቀበረ ሀብት ጋር ማምታታት ነው።

ቋንቋችን ለድንጋይ አቀማመጥ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ልዩነታቸውም ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። «ካብ» በእጅ እየተመረጠ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተገጠመ የሚሠራ የድንጋይ ግንብ ነው፤ የሠሪው ዐሳብና ሙያ ይታይበታል። «ክምር» እና «ቁልል» ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተጨመረ የሚያድግ ነው፤ ውሉ የለውም፤ ማለቂያም የለውም። «ሐውልት» ደግሞ ከግእዝ የመጣ፣ የቆመ ምሰሶ መሰል ነገር የሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ለማንኛውም መታሰቢያ ግንባታ ይውላል። በውጭ አገር ጽሑፎች «ኬርን» የሚባለው፣ ከስኮትላንድ ጋይሊክ ቋንቋ «ካርን» የተወሰደው ቃል በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ለክምር ነው። ከእስቴና ከፋርጣ በኩል በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ መካከል ያለው የክምር ድንጋይ ከተማ ስም እንደሚያሳየው፣ ቃሉ ለቦታ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰ ነው።

ሁሉም ክምር ግን የመታሰቢያ ክምር አይደለም። የጮቄ ተራራና አካባቢው በእሳተ ገሞራ የተሠራ የባዛልት አገር በመሆኑ ገበሬ ባረሰ ቁጥር ድንጋይ ይወጣል፤ ያንንም ለቅሞ በማሳው ዳርቻ ይከምረዋል። እንዲህ ያለው የእርሻ ክምር በማሳ ጠርዝ ይሆናል፣ ሰው ብቻውን የማይሸከመው ትልልቅ ድንጋይም ይገኝበታል። የመታሰቢያው ክምር ደግሞ በአብዛኛው መንገደኛ በሚያልፍበት፣ ብዙ ጊዜም ሰዎች ለማረፍ በሚቆሙበት የዳገት ጫፍ ወይም በር (የተራራ ማለፊያ) ላይ ይሆናል፤ ድንጋዩም በአንድ እጅ ተይዞ የሚጣል መጠን ያለው ነው። ይህ መለያ ፍጹም አይደለም፤ ለአጋም ቁጥቋጦ መብቀያ የሆነ አሮጌ ክምር የትኛው እንደሆነ ባለሙያም ሊቸገርበት ይችላል። በመጨረሻ የሚለየው ድንጋዩ ሳይሆን የሰው አንደበት ነው።

ድንጋይ መጣል ክብር ነው ወይስ እርግማን?

መንገደኛ በሚያልፍበት ጊዜ በክምሩ ላይ አንድ ድንጋይ መጣሉ በሰሜኑ የአገራችን ደጋ የታወቀ ልማድ ነው። ልማዱ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ አይሆንም። አንዱ «ነፍስ ይማር» እንደማለት ነው ይላል፤ ሌላው የሟቹ ነፍስ መንገደኛውን እንዳይከተለው የሚደረግ መከላከያ አድርጎ ይረዳዋል፤ ሌላው ደግሞ በገዳዩ ላይ የሚወረወር እርግማን ነው ይላል። የትርጉሙ መለያየት የሰዎቹ ዕውቀት ማነስ ውጤት አይደለም። ልማዱ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፊት ያለው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የጎጃም ካህንና ምእመን በሚገባ የሚያውቁት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ የተሰረቀውን ዕቃ የደበቀው አካን በድንጋይ ከተወገረ በኋላ ታላቅ የድንጋይ ክምር ተከመረበት፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በአባቱ ላይ ያመፀው አቤሴሎም ከተገደለ በኋላ በጫካ ጉድጓድ ተጥሎ እጅግ ታላቅ የድንጋይ ክምር ተከምሮበታል። ሁለቱም ክምሮች የኀፍረት ምልክት ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ያለው ግን የተለየ ነው። ያዕቆብና አማቱ ላባ ከተጣሉ በኋላ ድንጋይ ሰብስበው ከመሩ፤ በክምሩም አጠገብ አብረው እንጀራ በሉ፤ ክምሩም ምስክርም ወሰንም ሆነ፤ አንዱ ወደ ሌላው ለክፋት እንዳያልፍ። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 የተተከሉት 12 ድንጋዮች ደግሞ ሌላ አገልግሎት አላቸው፤ ልጆች «እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች እንዲናገሩ የሚያስገድዱ ናቸው።

እንግዲህ አንድ የድንጋይ ክምር እርግማን፣ ምስክር፣ ወሰን ወይም የጥያቄ መነሻ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። በጎጃም ታሪክ ውስጥ ይህ አሻሚነት ይበልጥ ይጎላል፤ ምክንያቱም በመንገድ ዳር የተገደለ ሰው ለአንዱ ወገን ሽፍታ፣ ለሌላው ወገን አርበኛ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ራሳቸው ከጣሊያን ወረራ በፊት በሽፍትነት፣ በወረራው ዘመን በአርበኝነት የታወቁ፣ ከድሉ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት የተቀጡ፣ ዛሬ ደግሞ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። የአንድ ሰው ስም በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከተገለባበጠ፣ ስሙ ያልተጻፈ የገበሬ ክምር ትርጉሙ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ ሁለት ቢሆን አያስደንቅም።

ቦታው ለምን እንዲህ አስፈላጊ ሆነ?

አንድ ሰው የተገደለበት ትክክለኛ ቦታ መታወቁ ለስሜት ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በሌለበት ወይም ሩቅ በሆነበት ዘመን የግድያው ቦታ የፍርድ መነሻ ነበር። ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር ይካሄድ የነበረው «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» የተባለው ሥርዓት የአካባቢውን ነዋሪ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስ እንዳይበተን የሚያደርግ ነበር። የትኛው አገር ሰው ይሰብሰብ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ደሙ የፈሰሰበት መሬት ነው። ክምሩ በዚህ ረገድ የኀዘን ምልክት ከመሆኑ በተጨማሪ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠያቂ የሆነበትን ሥርዓት የሚያስታውስ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ገዳዩ ሲታወቅ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይከተላል። ሽማግሌዎችና ካህናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተው ደም እንዲደርቅ ያደርጋሉ፤ ጉማ ወይም የደም ካሳ ይከፈላል፤ መሐላ ይደረጋል። ይህ ዛሬም ከመደበኛው የወንጀል ፍርድ ጎን ለጎን የሚሠራ ነው፤ ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢቀጣውም የሟች ወገን «ደመኛችን» ማለቱን የሚያቆመው በሽምግልናው እንጂ በፍርዱ አይደለም። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለዛሬው ክርክር ዋና ነው፤ ደሙ ከደረቀ በኋላ ክምሩ ምን ይሁን? ዕርቁን ያዩ ሰዎች ክምሩን የዕርቁ ምስክር አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ ልክ እንደ ያዕቆብና ላባ ክምር። ዕርቁን ያላዩ የልጅ ልጆች ግን በክምሩ የሚያዩት ግድያውን ብቻ ነው።

የጎጃም ገጠር ግድያ ብዙ ጊዜ ከመሬት ጋር የተያያዘ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከወሰን መግፋት፣ ከውርስና ከግጦሽ የሚነሣ ጠብ የሰው ነፍስ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ግድያ የተፈጸመው በድንበሩ ላይ ከሆነ፣ ክምሩ የሟቹን ቦታ ብቻ ሳይሆን የተጣሉበትን ወሰንም ያመለክታል። የእርከን ዘማች ድንጋዩን ወደ ሌላ ቦታ ሲያጓጉዝ «ቅርስ አጠፋ» ከሚለው ክስ በፊት «ምስክር አጠፋ» የሚለው ቅሬታ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ዜና መዋዕል የሌላቸው ሟቾች

በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለ ቦታ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ያዕቆብና ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ መውደቃቸውን፣ አሸናፊውም በኋላ ዐፄ የተባለው ሱስንዮስ መሆኑን የምናውቀው ጸሐፊ ስለ ጻፈው ነው። ንጉሥ ሲወድቅ ዜና መዋዕል ይጻፋል። ገበሬ ሲወድቅ የሚቀረው የአልቃሽ ሙሾ፣ የፉካሪ ግጥምና በመንገድ ዳር የተጣለ ድንጋይ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱ ድምፅ ናቸው፤ ድንጋዩ ብቻ ነው በቦታው የሚቆየው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዓመፅ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን አስቀርቶ በምርት ላይ የተመሠረተ ግብር ሲተካ፣ በወረቀት ላይ ማሻሻያ ይመስል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን ያነበበው በርስት ዓይን ነው። ርስት ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ፣ ባለ ርስቶቹ በየጊዜው የሚካፈሉትና የሚከራከሩበት መብት እንጂ በገመድ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ይዞታ አልነበረም። ገማች ወደ ማሳ ሲመጣ «ቀላድ» ተብሎ በሚታወቀው የገመድ ልኬታ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ገባሩ ወደ ጭሰኛነት የወረደበት ታሪክ ትዝ ይለው ነበር። ከዚያ በፊትም በጎጃም ግብር ያስነሣቸው ዓመፆች ስለ ነበሩ ጥርጣሬው አዲስ አልነበረም፤ በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ቅሬታም እሳቱን አባባሰው።

በተለይ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ አየር ኃይልም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። በታሪክ ጥናት ይህ ዓመፅ ገበሬው ያሸነፈበት ከሚባሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሆኖም በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ለዚያ ዓመፅ ሟቾች ስማቸውን የያዘ ሐውልት ቢፈለግ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ በዓባይ ዳር የቆመው የባሕር ዳሩ የሰማዕታት ሐውልት የሚያስታውሰው ደርግን ሲታገሉ የወደቁትን ነው። መንግሥት የሚያቆመው መታሰቢያ አቋሚውን ለሥልጣን ያበቃውን ትግል የሚያወሳ መሆኑ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ነገር ግን የመንገድ ዳር ክምር የማን መዝገብ እንደሆነ ለመረዳት ይህን ልዩነት ማየት ይጠቅማል።

ሁለት ድንጋይ ለአንድ ግድያ፦ የስኮትላንዱ ምሳሌ

ክምርን የመታሰቢያ ምልክት አድርጎ በመጠቀም ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ስኮትላንድ ናት። የደጋማው አካባቢ ጋይሊክ ተናጋሪዎች ውለታ ላደረገላቸው ሰው «በክምርህ ላይ ድንጋይ እጨምርልሃለሁ» ይሉ ነበር፤ ከሞትህም በኋላ አልረሳህም ለማለት ነው። በዚያው አገር አፒን በተባለ የገጠር አካባቢ የሚገኝ አንድ ክምር ከጎጃሙ ክርክር ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1745 ከተነሣው የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ዓመፅ በኋላ መንግሥት የዓመፀኞቹን ርስት ወርሶ ነበር። ከእነዚህ የተወረሱ ርስቶች የአንዳንዶቹ ጭሰኞች ኪራይ ሰብሳቢ ሆኖ የተሾመው ኮሊን ካምቤል፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1752 ጭሰኞችን ሊያስለቅቅ በመጓዝ ላይ ሳለ ሌተርሞር በተባለ ጫካ ከኋላው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዋናው ተጠርጣሪ አለን ብሬክ ስቱዋርት አመለጠ። መንግሥት ግን የሚቀጣ ሰው ይፈልግ ስለ ነበር የዚያው ወገን የሆነውን ጄምስ ስቱዋርትን በግብረ አበርነት ከሰሰው። ችሎቱን የመሩት የካምቤል ጎሣ አለቃ ሲሆኑ፣ ከ15ቱ ፈራጅ ዜጎች 11ዱ ካምቤሎች ነበሩ። ጄምስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተሰቀለ፤ አስከሬኑም ለማስፈራሪያ በሰንሰለት ታስሮ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። ጥይቱን የተኮሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

በዛሬው ጊዜ ካምቤል በወደቀበት ጫካ ክምር አለ፤ ጄምስ በተሰቀለበት ኮረብታ ላይ ደግሞ ለእሱ የቆመ ሌላ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። አንዱን ብቻ ያየ ጎብኚ የታሪኩን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። የመሬት ጥያቄ ያለበት፣ የመንግሥት ተወካይ የተገደለበትና ቅጣቱ በጎሣ ሚዛን የተሰጠበት ይህ ታሪክ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገማችና ገበሬ ጎን ቢቀመጥ ብዙ የሚያመሳስል ነገር አለው። የማያመሳስለው ግን ይበልጥ ያስተምራል፤ ስኮትላንዶቹ ሁለቱንም ድንጋዮች ማቆየት የቻሉት ግጭቱ ካበቃ፣ የጎሣ ጦርም ከቀረ ረጅም ዘመን በኋላ ነው።

ክምሩን ያጠፋው ማን ነው?

የመታሰቢያ ክምር ጠፋ ሲባል ጣት የሚቀሰረው በቡልዶዘርና በኮንትራክተር ላይ ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ክምሩ ቀድሞ የሞተው በሌላ ምክንያት ነው። ክምር የሚኖረው እግረኛ ሲያልፍበት ነው። በገጠሩ መንገድ ባጃጅና አይሱዙ መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ የገበያ መንገዱ ተቀይሯል፤ የቀድሞው የበር መንገድ የከብት መሄጃ ሆኗል፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ ወርዶ ድንጋይ አይጥልም። ስለዚህ ምንም ዓይነት ማፍረስ ሳይኖር ክምሩ ማደጉን ያቆማል፤ ሣር ይውጠዋል፤ የሚጠይቅ ልጅ ሲጠፋ የሚመልስ አባትም ዝም ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬት ጥበት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ቀደም ሲል የማንም ያልነበሩትን ዳርቻዎች፣ የመንገድ ጠርዞችንና የግጦሽ ቦታዎችን ጭምር ለይዞታ ፈላጊ አደለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የይዞታ ምዝገባና የመሬት ደብተር እያንዳንዱን ጥማድ መሬት ባለቤት አደረገው። ክምሩም በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ገባ። ማሳው ጠባብ የሆነበት ገበሬ የማያውቀውን ሰው ክምር ለማክበር ሲል የጤፍ መሬት ይተዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሦስተኛው የድንጋይ ፍላጎት ራሱ ነው፤ የእርከን ዘመቻ፣ የቤት መሠረትና የገጠር መንገድ ሁሉም የተለቀመ ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ ተለቅሞ ተከምሮ የሚጠብቅ ድንጋይ ደግሞ የሥራውን ግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም፤ የመረጃ ዕጦት ግን አለ።

ሲሚንቶ ሲመጣ

ለዚህ ጥፋት እንደ መፍትሔ የሚቀርበው ክምሩን ወደ ሐውልት መለወጥ ነው። ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም። ጽሑፍ የሌለው ክምር ከሁለት ትውልድ በላይ አይሻገርም፤ ስሙ ከተጻፈ ግን ተማሪ ያነበዋል፤ አጥር ካለው ደግሞ ማንም አያፈርሰውም ይላሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥትና ዜጎች ታሪካዊ ቦታዎችን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው መደንገጉንም ይጠቅሳሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን የሚተረጉመው በግዝፈቱ ወይም በውበቱ አይደለም፤ ታሪካዊና ባህላዊ ዋጋ ያለው የሰው ሥራ ውጤት ሁሉ በዚያ ሥር ሊወድቅ ይችላል።

በሌላ ወገን ከካህናት የሚመጣ ተቃውሞ አለ። ለሟች የሚገባው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቁርባንና ተዝካር ስለሆነ በመንገድ ዳር የሚከመር ድንጋይ ለነፍስ የሚፈይደው የለም፤ በላዩ ላይ የሚጨመረውም እምነት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራቀ ነው የሚሉ አሉ። ይህን ተቃውሞ ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ሟቹን በደብሩ በስም የሚያስበው ካህን ከቅርስ ባለሙያው በፊት ጀምሮ የመታሰቢያ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነውና።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የስም ጥያቄ ነው። ክምር የሚናገረው «እዚህ ሰው ወድቋል» የሚለውን ብቻ ነው። ሐውልት ግን ዝም ማለት አይችልም፤ ጽሑፍ አለው፤ ጽሑፉ ደግሞ ግሥ ይፈልጋል። «ሞተ» ይባል ወይስ «ተገደለ»? «በግፍ» የሚለው ቃል ይግባ? «በ» የሚለው መስተዋድድ ተጽፎ የገዳይ ስም ይከተለው? የገዳዩ የልጅ ልጆች በዚያው ጎጥ የሚኖሩ፣ በዚያው ማኅበር የሚጠጡ፣ ከሟቹ ቤተሰብም ጋር የተጋቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሽማግሌዎች ጉማ አስከፍለው፣ አስምለው ያደረቁትን ደም የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊያረጥበው ይችላል። የወንጀል ሕጉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል እንኳ የ25 ዓመት የይርጋ ገደብ አስቀምጧል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ከይርጋ ውጪ የተደረጉት በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች ናቸው። በድንጋይ ላይ የተጻፈ ክስ ግን ይርጋም ይግባኝም የለውም።

ይህ ሥጋት በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል፣ ጎጃምን ጨምሮ፣ በቀጠለው የትጥቅ ግጭት አዳዲስ የመውደቂያ ቦታዎች እየተጨመሩ ባሉበት ሁኔታ፣ ስለ አሮጌ ግድያ የሚጻፍ እያንዳንዱ ቃል ስለ አዲሱ እንደተጻፈ ሊነበብ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በግጭት ወቅት በክምር ቦታ ሐውልት ለመትከል መቸኮል ለታሪኩም ለሰላሙም አይበጅም። ይህ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም፤ ሲሚንቶው ሊቆይ ይችላል፤ የሽማግሌ ዕድሜ ግን አይቆይም። በ1960 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል።

መጀመሪያ ሊመዘገብ የሚገባው

የሚቀድመው ሥራ ርካሽ ነው። የክምሩን ቦታ በጂፒኤስ መያዝ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ከአካባቢው ከአንድ በላይ ወገን የሆኑ ሰዎችን ቃል በድምፅ መቅዳት፣ ሙሾውንና ግጥሙን ሳያቃኑ መጻፍ፣ የደብሩ ካህናትም በጸሎት የሚያስቡት የሟች ስም ካለ መጠየቅ። ቃሎቹ ቢጋጩም ሁለቱንም እንዳሉ መያዝ ያስፈልጋል፤ መዝጋቢው ፈራጅ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ስምምነት «የማይዳሰስ ቅርስ» የሚባለው፣ ማለትም በሰዎች ልማድ፣ ቃልና ክዋኔ ውስጥ የሚኖረው ቅርስ፣ በክምር ጉዳይ ከድንጋዩ የሚበልጠው ክፍል ነው። ድንጋይ የመጣል ልማዱና ተረኩ ከሌሉ የሚቀረው የተለቀመ ባዛልት ብቻ ነውና።

መንገድ ሊያልፍበት ግድ የሆነ ክምር ሲገጥም ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሟችና የገዳይ ወገኖች በሚታወቁበት ቦታ ሁለቱም ተጠርተው፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ድንጋዩ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሊዛወር ይችላል። ጥቂት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ክምር ትርጉሙን ያጣል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ክምር ከመጀመሪያውም በመንገደኛ እጅ የተሠራ ስለሆነ ከመንገደኛው ጋር መዛወሩ ከባሕርዩ የሚወጣ አይደለም። የማይፈቀደው ያለ ማንም ዕውቀት ተጭኖ ለመሠረት መዋሉ ነው።

በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ደግሞ ከርዝመትና ከስፋት በፊት መግባት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ በዚህ ክምር ላይ አሁንም ድንጋይ የሚጥል ሰው አለ ወይ? መልሱ «አለ» ከሆነ ክምሩ በሥራ ላይ ነውና አጥር ሊደረግለት አይገባም፤ አጥር መንገደኛውን ከክምሩ ያርቀዋል። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ልማዱ መቼና በማን እንደቀረ ነው። በብዙ ጎጥ ለዚህ መልስ ሊሰጡ የሚችሉት ወደ ሐሙስ ወይም ወደ ቅዳሜ ገበያ በእግር መሄድ ያላቆሙ ጥቂት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ የቀበሌው መዝጋቢም ሥራውን ከእነርሱ ቤት ቢጀምር ይሻላል።